የንፋስ ሰርግ

ዛሬ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ውስጥ የዕድሩ ልጆች ድንኳን ሲተክሉ ንፋሱ ከእጃቸው ነጠቃቸው። እኔ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሜ ነበር። ሸራው ሆዱን ነፍቶ ተነሳና ጧ! ብሎ ተመለሰ፤ ደግሞ ተነሳ፣ ደግሞ ጧ! አለ። የበረንዳውን ብረት በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩ። የጎረቤት ልጅ ደረጃ ስትወርድ አየችኝና፣ «ጋሼ፣ ምነው? አመምዎት እንዴ? ይግቡ እንጂ፣ ንፋስ ይመታዎታል» አለችኝ። «ብርዱ ነው» ብዬ ሸኘኋት። ብርዱ አልነበረም፤ የሸራው ድምፅ ነው። ሸራ በንፋስ ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር ሰውነቴ ከእኔ ቀድሞ ይፈራል። ድንኳኑ ለማን እንደሚተከል አውቃለሁ፣ እናንተም ትሰማላችሁ። አሁን ግን አፌ ለመናገር አልደፈረም፤ ትንሽ ዞር ብዬ ልምጣ።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ብዙ አልቆየም ነበር። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምለየው በሻይ ዋጋ ነው፣ ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም የነበረ ጊዜ ነው። ከአቃቂ ወደ ቃሊቲ የምንሄደው «ውይይት» በምንላት ታክሲ ነበር። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጥጦ፣ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ይቀመጥና ሳይተዋወቅ ያወራል፤ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። ሊቶሪናዋ፣ ያቺ ባለ ሞተር የባቡር ፉርጎ፣ ስታፏጭ የአቃቂ በሰቃ ባለሱቆች ሰዓታቸውን ያስተካክላሉ፤ ባቡሯ ራሷ ሰዓት እንደማታከብር ግን ሁሉም ያውቃል። ካሴት ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን በር ላይ አውጥተው፣ አንዱ በፍቅር ዘፈን ሲያስለቅስ ጎኑ ያለው እስክስታ ያስመታል። ጎረምሳው ሁሉ ሰልባጅ ጃኬት ለብሶ፣ ሸራ ጫማውን በኦሞ አጥቦ፣ ጠመኔ ቀብቶ፣ እሁድ እሁድ ባቡር ጣቢያው ጋ ይንጎራደዳል። አሁን በዚያ በኩል በሚኒባስ ሳልፍ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ካሴት ቤቶቹ የነበሩበትን እፈልጋለሁ። የሞባይል መለዋወጫ ይሸጡበታል።

ሽፈራው የባለቤቴ የበላይነሽ ታናሽ ወንድም ነው። ሁለታችንም አቃቂ ከነበሩት ፋብሪካዎች በአንዱ የጥገና ክፍል እንሠራ ነበር። አባቱ ስም ሲያወጣለት የወደፊቱን ያየ ይመስለኛል፤ ሺ ሰው የሚፈራውን እሱ አይፈራም። እኔ ደግሞ ሺውንም እፈራለሁ። ውሻ እፈራለሁ፣ ኤሌክትሪክ እፈራለሁ፣ ውሃ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ እፈራለሁ። «ፈሪ ለናቱ» ይላል ሽፈራው ትከሻዬን እየመታ፣ «ያንተን እናት አምላክ ይወዳታል።» ፍርሃቴን ደብቄም አላውቅም። የት ይደበቃል? ፊቴ ላይ ነው የሚኖረው።

ነገሩን ያመጣው ፋብሪካችን ውስጥ መኪና ሊተክል ከውጭ አገር የመጣ መሐንዲስ ነው። እሁድ እሁድ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ እየሄደ፣ ረጅም ሳንቃ ላይ ቆሞ፣ ምሰሶ ላይ የተወጠረ ሸራ በእጁ ይዞ ንፋስ እየነዳው ውሃ ላይ ይበራል። ዕቃ እንዲሸከምለት ሽፈራውን ይወስደው ነበር። ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ሳንቃውን ከነተቀደደ ሸራው ለሽፈራው ትቶለት ሄደ። ሽፈራው በደስታ አበደ። ሸራው ግን አልቋል፤ የሚተካ ደግሞ አገር ውስጥ የለም። በዚያው ሰሞን ዕድራችን አዲስ ድንኳን ገዝቶ አሮጌውን ሊጥለው ነበርና ሊቀመንበሩን ለምኖ ወሰደው። ሲባጎ ልንገዛ በሰቃ ከድር ሱቅ ገባን። ከድር የስልጤ ሰው ነው፣ ጨዋታ ያውቃል፤ ገመድና ሲባጎ የሚገዛውን ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ «ለሰርግ ነው ለለቅሶ?»

«ለዊንድ ሰርፍ» አለ ሽፈራው፣ ከመሐንዲሱ እንደሰማው።

«ለምን ሰርግ?»

«ሰርፍ! ዊንድ ማለት ንፋስ ነው።»

«የንፋስ ሰርግ በለኛ! ሙሽራዋ ማን ናት?» አለ ከድር፣ ሲባጎውን እየለካ። ሽፈራው ወደኔ ጠቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአቃቂ ስሙ የንፋስ ሰርግ ሆኖ ቀረ፣ እኔም ሙሽራዋ ሆኜ ቀረሁ።

በላይነሽ ሸራውን ያየችው ቤታችን ጓሮ ተዘርግቶ ሲሰፋ ነው። የዕድሩ ስም በጥቁር ቀለም ተጽፎበት ስለነበር ቢቆረጥም «መረዳጃ» የሚለው ቃል መሐሉ ላይ ሙሉውን ቀርቷል። «የለቅሶ ድንኳን ይዛችሁ ውሃ ላይ?» አለች፣ እጇን አፏ ላይ ጭና። «ቀባሪ አጥታችሁ ነው?» በላይነሽ ንፋስን እንደ ሰው ነው የምትጠላው። ታክሲ ውስጥ መስኮት ታዘጋለች፣ ማታ የበር ሥር በጨርቅ ትወትፋለች፣ ለራስ ምታትም ለወገብ ሕመምም የምትለው «ንፋስ መትቶህ ነው» ነው። ሽፈራውን ማስቆም እንደማትችል ስታውቅ ወደኔ ዞረች። «ታደሰ፣ እናቴ ስትሞት እሱን ለእኔ አደራ ብላ ነው የሰጠችኝ። እኔ ደግሞ ላንተ ሰጠሁህ። ይዘኸው ካልመጣህ በሬን እንዳታንኳኳ።» እንግዲህ እኔ ውሃ ውስጥ የገባሁት ንፋስ ወድጄ አይደለም፤ በላይነሽን ፈርቼ ነው።

ስለ በላይነሽ አንድ ነገር እዚህ ላይ ልንገራችሁ፤ ኋላ ይጠቅመናል። እልል ማለት አትችልም። ምላሷ እምቢ ይላል። በራሳችን ሰርግ ላይ ሚዜዎቿ «እስቲ በይ» ብለው ቢያስጨንቋት «ልልል» ብላ ቀርታ ድንኳኑ ሙሉ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሴቶች እልል ሲሉ እሷ ታጨበጭባለች።

ባቦጋያ ታች የለውም ይላሉ። ዙሪያው ገደል፣ መሐሉ ጥቁር አረንጓዴ ውሃ ነው፤ ንፋሱ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሳይታሰብ ይወርድና ከዚህ ሲመታህ ከዚያ ይደግምሃል። እኔ የጭነት መኪና ጎማ ካላማዳሪያ አስነፍቼ ወገቤ ላይ አሠርኩ። ሐይቁ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ልጃገረዶች ሥራቸውን ትተው ሳቁብኝ። ይሳቁ! ሽፈራው ጥቂት እሁዶች ወድቆ ተነስቶ መብረር ጀመረ፤ እኔ መውደቅን ብቻ ተማርኩ። በወደቅኩ ቁጥር እግሬ ታች ይፈልጋል፣ ታች የለም፤ ያ የእግር ባዶነት ሌሊት እንኳ አይለቀኝም ነበር። ግን እውነቱን ልናገር፤ አንድ ቀን ሸራው ንፋስ ያዘልኝና ሳንቃው ከሥሬ ሲንሸራተት ጮኽኩ። የጮኽኩት ፈርቼ ነው። ፍርሃቱ ውስጥ ግን እንደ ሚጥሚጣ የሚያቃጥልና የሚጣፍጥ ነገር ነበረበት።

ከዚያ በኋላ ሽፈራው አንድ ቦታ አልበቃው አለ። አዲስ ውሃ፣ አዲስ ዓይነት አነዳድ ይፈልጋል። የሰፈራችንን ውሃ እንሞክር ብሎ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ሄድን። ሳንቃውን በአቡጀዲ ጠቅልለን የፈረስ ጋሪ ላይ ጫንነው፣ ሁለታችን ከኋላ ቀስ ብለን ተከተልን። መንገደኛው ሬሳ መሰለው። ወንዱ ባርኔጣውን እያወለቀ፣ «ነፍስ ይማር» እያለ ጥቂት ሸኘን፤ አንዲት ሴትዮማ «ማን ነው የሞተው?» ብላ እንባዋን አዘጋጅታ ጠየቀችኝ። ሽፈራው ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነከሰ። እኔ አልሳቅኩም፣ ሟርት መሰለኝ። ወንዙ ያን ጊዜ በፋብሪካ የተነከረውን ጨርቅ ቀለም ይዞ ነበር የሚወርደው፤ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቀይ። እኛ የሄድነው በቀዩ ቀን ነው። ግድቡ መሐል ስደርስ አሁን እንቦጭ የሚሉት አረም ከሳንቃው ሥር ያለውን ክንፍ አንቆ ያዘው። ሰው እግሬን የያዘኝ መስሎኝ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ አደባልቄ ጸለይኩ።

ውሃ ስሸሽ ደግሞ የብስ ላይ አገኘኝ። ዛሬ እኔ የምኖርበት ይህ የቱሉ ዲምቱ ሜዳ ያኔ ጤፍና ሽምብራ ነበር፤ አዝመራው ሲሰበሰብ ጥቁር አፈሩ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ሽፈራው ሦስት የቬስፓ ጎማ በብረት ፍሬም አያይዞ ሸራውን ተከለበት። «ፍሬኑስ?» አልኩት። «እግርህ» አለኝ። ንፋሱ ሲይዘኝ ላሞች ግራና ቀኝ ተበተኑ፣ አንድ ገበሬ ዱላውን እንደያዘ «ኩን ማሊ?» ብሎ ቀረ፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው ማለቱ ነው። መልስ የሰጠሁት ከግራር አጥሩ ውስጥ ሆኜ ነው። አሁን አንዳንዴ በረንዳዬ ላይ ቆሜ ያ አጥር የቱ ብሎክ ጋ እንደነበር ለማወቅ እሞክራለሁ። የመኪና ማቆሚያው ይመስለኛል።

ላንጋኖ ከሄድን በኋላ ነው ነገሩ የከበደው። እዚያ የውጭ አገር ሰዎችና የአዲስ አበባ ባለመኪኖች በርሜል ውሃ ላይ አንሳፍፈው፣ በርሜሉን እየዞሩ ይሽቀዳደማሉ። የእነሱ ሸራ እንደ አደይ አበባ ያሸበረቀ ነው፤ የኛ ቆሻሻ ነጭ፣ መሐሉ ላይ «መረዳጃ» የሚል። አንዱ ምን ተጽፎበት እንደሆነ ሲጠይቅ ሽፈራው ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ስፖንሰራችን ነው» አለው። ለኔ ሁለተኛ ሳንቃ በሰቃ ያሉ የመኪና አካል ጠጋኞች ከፋይበር ሠርተውልኝ ነበር፤ ሸራዬም ከዚያው ከዕድሩ ድንኳን የተረፈ ነው። እዚያ የተማርኩት መዞር የሚባለውን ነው። ቀጥ ብለህ ስትሄድ ንፋሱን ተደግፈኸዋል፤ እሱ ይስብሃል አንተ ትስበዋለህ። በርሜሉ ጋ ስትደርስ ግን የያዝከውን ለቀህ፣ ሸራው በወዲያ በኩል እስኪሞላ ምንም ሳትደገፍ መቆም አለብህ። ያቺን አፍታ ነው የምፈራት። ሽፈራው በዚያች አፍታ ይስቃል፤ እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ። መጨረሻ ወጣሁ፣ ግን ዞርኩ።

ቆቃ የሄድነው በመጋቢት አቦ ማግስት ነው። የበላይነሽ ማኅበርተኞች ዝቋላ ተሳልመው በአውቶቡስ ሲመለሱ ሽፈራው ሾፌሩን አግባብቶ በሞጆ በኩል አዞራቸው፤ «ቆቃ ሰርግ አለ፣ እልል የሚል ሰው ጠፋ» ብሎ። እኛ ሳንቃዎቹን በአይሱዙ ጭነን ቀድመን ደረስን። የቆቃ ውሃ ሰፊ ነው፤ ማዶው ደብዝዞ ነው የሚታየው። ዓሣ አጥማጆቹ ጉማሬ አለ፣ ተጠንቀቁ አሉን። «የታለ? ይምጣና ይተዋወቀን» አለ ሽፈራው። የዚያን ቀን ዕቅዱ ዝላይ ነበር፤ ማዕበሉ ላይ ሳንቃውን አስነስቶ አየር ላይ መውጣት፣ ሸንበቆው አጠገብ ሴቶቹ እያዩት። እኔ ካላማዳሪያዬን እንደገና አስነፋሁ። በላይነሽ ከአውቶቡስ ወርዳ ወደኔ መጣችና ምንም ሳትል የካላማዳሪያውን ቋጠሮ አጠበቀችልኝ። «አደራዬን» አለችኝ ብቻ።

ገባን። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያወናጨፉ እልል አሉ። እኔ እልልታ ስሰማ ልቤ ሁልጊዜ ዱብ ይላል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰርግ ቤት ደጃፍ ስደርስ መጀመሪያ የሚሰማኝ ኡኡታ ነው፣ ቆይቶ ነው እልልታ የሚሆነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ መሐል እስክንገባ ሁሉም አማረ። ሽፈራው ከፊቴ ርቆ ሄዶ ዞረና ፊቱን ወደ ሸንበቆው መለሰ። በዚህ ጊዜ ነው ከዳር ድምፅ እንደገና የተነሳው። ንፋሱ ድምፁን ቆራርጦ ቀጭኑን ብቻ ነው የሚያመጣልን፤ ነጠላዎቹ ይውለበለባሉ። ሽፈራው ደስ ብሎት አንድ እጁን ወደ ላይ አነሳላቸውና ቀጥ ብሎ ወደ ሸንበቆው ነዳው። እኔ ኡኡታ ነው የሰማሁት። ግን የኔ ጆሮ ምን ይታመናል? ሁሌም ኡኡታ ነው የሚሰማኝ። ሰው ሲደሰት አንተ ትሸበራለህ ብዬ ራሴን ሰደብኩ፣ ሸራዬንም አልለቀቅኩም።

ከዚያ ከድምፆቹ መካከል አንዱን ለየሁት። የበላይነሽ ነው። ሻካራ፣ ከሆዷ የሚወጣ የሷ ድምፅ። በላይነሽ ደግሞ እልል ማለት አትችልም። እልልታ ቢሆን ኖሮ ታጨበጭብ ነበር እንጂ ድምፅዋ ከየት ይመጣል?  ወደ ሸንበቆው ሳይ ውሃው ላይ ድንጋይ የመሰለ ነገር አለ፤ ድንጋዩ ጆሮውን አራገበ።

«ሽፈራው! ተመለስ! ጉማሬ!» ብዬ ብጮህ ንፋሱ ቃሌን ወደ አፌ መለሰው። ወደሱ ለመድረስ መዞር ነበረብኝ። እዚያ ላይ፣ ያን በሚያህል ማዕበል፣ ዞሬ አላውቅም። ለቀቅኩት። ሸራው ባዶ ሆነ፣ በዓለም ላይ የምደገፈው ነገር ጠፋ፤ ዓይኔን ግን አልጨፈንኩም። ከዚያ ጧ! ብሎ ሞላና ወረወረኝ። ያለ ፍሬን፣ እንደ ሜዳው ጊዜ፣ ቀጥታ ሽፈራው ላይ ሄጄ ተላተምኩ። ሁለታችንም ውሃ ውስጥ ገባን። ብቅ ስል ሽፈራው ትከሻው ወልቆ በአንድ እጁ ይንፈራገጣል፤ አንገቱን ይዤ ወደ ካላማዳሪያዬ ሳብኩት። የሱ ሳንቃ ብቻውን ጥቂት ሄደ። ውሃው አበጠ፣ አንድ ጉድጓድ የሚያህል አፍ ተከፈተ፣ ሸራውን «መረዳጃ» የሚለው ላይ ነክሶ ይዞት ወረደ።

ንፋሱ ከሸንበቆው እያራቀ ይወስደን ጀመር። እግሬ ታች ይፈልጋል። ከሥራችን ምን እንዳለ አናውቅም፤ ሽንቴን የሸናሁት ያኔ ነው፣ ብናገረው አላፍርም። ሽፈራው ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ በጆሮዬ፣

«ታዴ» አለኝ።

«ወዬ።»

«ፈራሁ እኮ።»

እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። «ግድ የለህም፣ እኔ ለምጄዋለሁ። ለእኔ ተወው» አልኩት። ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣለ። ዓሣ አጥማጆቹ በጀልባ ደርሰው እስኪያወጡን ድረስ ለሁለታችንም ፈራሁ።

ዳር ስንደርስ በላይነሽ አላለቀሰችም። የወንድሟን ራስ ዳበሰች፣ የኔን ራስ ዳበሰች፣ ከዚያ የካላማዳሪያዬን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታችው። «ይዘኸው መጣህ» አለችኝ። የንፋስ ሰርግ በዚያው አበቃ። የተረፈችው የኔ ሳንቃ ከድር ሱቅ መደርደሪያ ሆና ሳሙናና መኮሮኒ ስትሸከም ኖረች፤ ሽፈራው በዚያ ባለፈ ቁጥር ይስማት ነበር። ንፋሱን ግን አልተወውም። ዕድሜ ልኩን ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ከፍቶ፣ ሰው ሁሉ ሲጮኽበት «ንፋስ ነው እንጂ እባብ አይደለም» ይል ነበር።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ የፈራሁትማ ብዙ ነበር፣ ይኼኛውን ግን አልፈራሁትም። ባለፈው ሰሞን ሽፈራው ሲታመም ሐኪሞቹ የሳንባ ምች ነው አሉ። በላይነሽ «ንፋስ ነው የመታው፣ ስነግረው ኖሬ» አለች። ትናንት ከሰዓት በኋላ አልጋው ጎን ተቀምጬ ነበር። ጣቶቹ አንሶላውን ጨብጠዋል፣ ሸራ እንደያዘ። ዓይኑን ገልጦ፣ «ታዴ» አለኝ። «ወዬ።» «ፈራሁ እኮ።»  «ግድ የለህም» አልኩት፣ «እኔ ለምጄዋለሁ። ለእኔ ተወው።» ሳቅ አለ። ከዚያ አንሶላውን ለቀቀው።

ድንኳኑ የሽፈራው ነው። አሁን ወረድ ብዬ ከሰው ጋር መቀመጥ አለብኝ። ሺውን ሁሉ ከእንግዲህ ብቻዬን ነው የምፈራው፤ ደረጃው እንኳ ያስፈራኛል። ልጆቹ ሸራውን እንደምንም አሸንፈው ወጥረውታል። ሴቶቹ መግባት ጀምረዋል፣ ነጠላቸው በንፋስ ይውለበለባል፤ ይኼው ኡኡታው ተነሳ። ንፋሱ ቆራርጦ ቀጭኑን ብቻ ነው ወደዚህ ወደ አራተኛ ፎቅ የሚያመጣው። የበላይነሽን ድምፅ ለየሁት። እልል ማለት እንደማትችል አውቃለሁ። እሱ ግን ከወዲያ ማዶ ሆኖ ቢሰማ እልልታ ነው ብሎ እጁን ያነሳ ነበር። የበረንዳውን ብረት ለቀቅኩና እጄን አነሳሁለት።